የባሕሩ ቀማሽ

ጋሽ አጥናፉ በደረታቸው ተደፍተው ነበር። አፀደ መጀመሪያ ያየችው ቦቲ ጫማቸውን ነው። ጥቅል ጎመኑ መሐል ሁለት ጥቁር ጫማ፣ ሶላቸው ወደ ሰማይ።

«ጋሽዬ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለች፣ የወደቀባቸውን የሚፈልጉ መስሏት።

ጠጋ ስትል ከአፋቸው የወጣው አረፋ አፈሩ ላይ ተጋግሯል፤ ከቀኝ እጃቸው አጠገብ ደግሞ ቀይ የብረት ጣሳ ወድቋል። ጣሳውን ታውቀዋለች። የልጇ የናዝሬት ነው።

ከዚያ በኋላ ጮኸች።

ናዝሬት ከማጠቢያው ዳስ እየሮጠች መጣች፤ እጇ እስከ ክርኗ ርሷል። በአትክልት ማኅበሩ አብራቸው የምትሠራው ቶይባም ገና ከበሩ መግባቷ ነበርና ዘንቢሏን ጥላ ደረሰች። የጉለሌ ጠዋት በጥቅምት ቀልድ አያውቅም፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይገባል። ሦስቱ ሴቶች ግን ሬሳው አጠገብ ሲቆሙ ብርዱን ረስተውት ነበር።

ፖሊስ ሲመጣ ነገሩ ቶሎ ተቋጨ፤ ቢያንስ ለሃምሳ አለቃው። ጣሳው ውስጥ ጠቆር ያለ፣ ላዩ ዘይት ያዘለ ፈሳሽ ቀርቷል። መርዝ ነው። ጣሳው የማን ነው?

«የኔ ነው» አለች ናዝሬት። «ቧንቧው ሥር ነው የማስቀምጠው። ዛሬ ጠዋት ብፈልገው አጣሁት።»

«ከአንቺ በፊት እዚህ ማን ነበር?»

«ማንም። እኔ ቀድሜ ገብቼ በቀጥታ ወደ ዳሱ ሄድኩ። ጎመኑ ጋ አልደረስኩም።»

«ሰውየው በየጠዋቱ ከአንቺ እጅ ጣሳ ተቀብለው እጣቢውን ይቀምሳሉ ይባላል። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

«ድሮ ነው! አሁን እሳቸው አይቀምሱም። የምትቀምሰው ቶይባ ናት። ጠይቋት እንጂ!»

ሁሉም ወደ ቶይባ ዞረ። ቶይባ ሻሿን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ መሬት መሬት አየች።

«እኔ ጣሳ ነክቼ አላውቅም» አለች።

አፀደ ጆሮዋን አላመነችም። ናዝሬትም አፏ እንደተከፈተ ቀረ። በዚያ ላይ ባለፈው ሳምንት አፀደና ጋሽ አጥናፉ በመደብ ክፍፍል ተጣልተው፣ ናዝሬት «እናቴን አስለቅሰው አይቀናዎትም» ብላ በሰው ፊት መጮኋ ተረሳ? ጎረቤት መቼ ይረሳል። ለሃምሳ አለቃው ሳይጠየቅ ነገሩት። ናዝሬት እጇ ሳይደርቅ መኪና ላይ ወጣች።

«ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች» አለ ሃምሳ አለቃው። «ጠበቃ ካላችሁ ዛሬውኑ።»

አፀደ ጠበቃ የላትም። ያላት አንድ ልጅ ነው፤ እሷንም ይኸው ወሰዷት።

ስልኳን አውጥታ የደወለችው ለኤርሚያስ ነው። ሌላ ማን አላት? ኤርሚያስ የግብርና ምሩቅ ነው፤ ይህን አትክልት ያለ ኬሚካል እንልማ ብሎ ማኅበሩን ያቋቋመ፣ ገዢ ሆቴሎችን ያመጣ፣ ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ናዝሬትን የሚያገባ። «መጣሁ እትዬ፣ አይዞሽ፣ በቃ መጣሁ» አላት፤ ድምፁ ተሰባብሯል።

*

ከኤርሚያስ የቀደመው መርማሪው ነበር። ኢንስፔክተር ቦና ይባላል፤ ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ አፍንጫው እንደ ቲማቲም የቀላ ሰው። መሐረቡን ከእጁ አይለይም።

«እትዬ፣» አለ፣ ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ እንዳለ፣ «አፍንጫዬ ከትናንት ጀምሮ ሞቷል። የእርስዎን ያውሱኝ። ምን ይሸታል?»

አፀደ የሚያላግጥባት መሰላት። «ልጄን አስራችሁ ምን ይሸታል ትለኛለህ?»

«ልጅዎ ከነገ በፊት እንድትወጣ ከፈለጉ ይመልሱልኝ።»

አሸተተች። «ባሕሩ ነው የሚሸተው። እዚህ ሁሉ ነገር ባሕሩ ባሕሩ ነው የሚለው።»

«ጉለሌ ባሕር አላት?»

«የባሕር አረም ነው ጌታዬ። እኛ ባሕሩ እንለዋለን።» እየወሰደች አሳየችው፤ ብትቀመጥ ስለምታለቅስ መራመዱ ይሻላታል። «ጀዊሪያ የምትባል ነጋዴ ናት ከጂቡቲ ዳርቻ በማዳበሪያ የምታመጣልን፣ ደርቆ። መጀመሪያ ጨዉ እስኪወጣ በሳፋ እናጥበዋለን፤ ጨው ከቀረበት ችግኙን ያቃጥላል። ከዚያ በርሜል ውስጥ ዘፍዝፈን እንከድነዋለን። ይበሰብሳል፣ ይጠቁራል፣ ይገማል። ከገማ በኋላ ሻይ እስኪመስል በውኃ አቅጥነን ለሥሩ ማጠጣት ነው፤ ወይም በጀርባ መርጫ ቅጠሉ ላይ እንረጨዋለን። ተክሉ ይወፍራል፣ ቅጠሉ ይጠነክራል።»

«ጨዉ መውጣቱን በምን ታውቃላችሁ?»

«በምላስ ነዋ። የመጨረሻውን እጣቢ ጋሽ አጥናፉ ይቀምሱታል፤ ቀምሰው ይተፉታል። እሳቸው በቃ ካላሉ በርሜል አይገባም። ምላሳቸው የታወቀ ነው።»

«ልጅዎ አሁን ቶይባ ናት አለች።»

«እኔ ጠዋት የማውቀው የለም፤ ካሮቱ ጋ ነው የምውለው። ዳሱ ውስጥ የሚገቡት እነሱ ናቸው። ግን ልጄ አትዋሽም!»

«እናት ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«እኔ እናት ስለሆንኩ አይደለም። ብትዋሽ ኖሮ ከኔ ጋር ይህን ያህል አትጣላም ነበር።»

ቦና መሐረቡ ውስጥ ሳቅ አለ። ተመልሶ ሬሳው ጋ ተንበረከከ፤ ተደፍተው የነበሩትን ጋሽ አጥናፉን ሳያንቀሳቅስ የኮታቸውን ጀርባ በጓንት ዳሰሰ።

«ሌሊት ዘንቧል?»

«በጥቅምት?»

«ጀርባቸው ርሷል። ደረታቸው ሥር ያለው አፈር ግን አቧራ ነው።»

ከዚያ ሰውየውን ረስቶ ጎመን ማየት ጀመረ። አንዱን ቅጠል ይገልጣል፣ ሌላውን ይገለብጣል። አፀደ ደሟ ፈላ። ልጇ እስር ቤት ናት፣ ይሄ ጎመን ይመርጣል!

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«ክሽክሽ ነው። ቅጠል መጣጭ። እሱ ነው የጨረሰን።»

«እዚህ መስመር ላይ ሁሉም ሞቷል። ጥንዚዛውም፣ ንቧም። ይመልከቱ፣ ጉንዳኑ ሳይቀር። እዚህኛው መስመር ደግሞ እስከ ግማሹ ሞቶ ከግማሹ በኋላ በሕይወት አለ።» ቆሞ በጣቱ ለካ። የሞተው የሚያበቃው ጋሽ አጥናፉ የወደቁበት ጋ ነበር። «ባሕሩ ክሽክሽ ይገድላል?»

«ኧረ አይገድልም፤ ምግብ እኮ ነው። ኤርሚያስ መጀመሪያ ሲያመጣው ባሕሩን የጠጣ ተክል ተባይ አይደፍረውም ብሎን ነበር። አላየንም። እንደውም ብሶበት ነበር። ግን እሱ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቶ ብቻውን ሲንከባከበው ይቀንሳል። እጁ ይቀናዋል።»

«እጁ ይቀናዋል» አለ ቦና ቀስ ብሎ፣ አፍንጫውን እየጠረገ።

*

መጋዘኑ ጨለማ የቆርቆሮ ቤት ነው። አቧራማው መደርደሪያ ላይ ጥቋቁር ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ የበሰበሰው ባሕር ተጣርቶ የሚቀመጠው በእነሱ ነው። በመካከላቸው አንድ ቦታ ባዶ ነው፤ አቧራው ላይ የጀሪካን ቂጥ ቅርጽ ንጹህ ሆኖ ቀርቷል። ግድግዳው ላይ ደግሞ የጀርባ መርጫው ተሰቅሏል፣ ተገልብጦ፣ ክዳኑ ወልቆ። ከአፉ ውኃ ጠብ ይላል።

«ይሄ ዛሬ ታጥቧል» አለ ቦና። «ያፈሳል?»

«ከታች ያፈሳል። ማንም ይሸከመው ጀርባውን ሳያርሰው አይለቅም። ሁላችንም ገምተን ነው ቤት የምንገባው።» አፀደ ቀና ብላ አየችው። «ማነው ደግሞ እንዲህ የገለበጠው?»

ቦና ሊጠይቃት አፉን ሲከፍት በሩ ጨለመ። ኤርሚያስ ነበር። ሮጦ አፀደን አቀፋት። ፊቱ በላብ ርሷል፤ እንባው ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ አፍንጫውም እንደዚያው። አፀደ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኑን ጠረገችለት።

«አልቅስ የኔ ልጅ። አንተም ባታለቅስላት ማን ያለቅስላታል!»

«ጠበቃ አነጋግሬያለሁ፤ ከሰዓት ይመጣል። አታስቢ እትዬ።»

ቦና ጠጋ አለው። «አንተም ጉንፋን ይዞሃል?»

«ሐዘን ነው።»

«ቀና በልልኝ። ... እሺ። የት ነበርክ ዛሬ ጠዋት?»

«ቢሮ ልገባ ዊንጌት ታክሲ ስጠብቅ ነው እትዬ የደወለችልኝ። እኔ እዚህ የምመጣው ቅዳሜ ብቻ ነው፤ በሥራ ቀን አይመቸኝም።»

«ሟቹ ጠላት ነበራቸው?»

«ማን ይጠላቸዋል! እኔ ያንን እጣቢ መቅመስ ይተዉ እያልኩ ስንቴ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። ጠዋት ጠዋት አፋቸው ሳያደርጉት አይውሉም። ማንም ሊጠቀምበት ይችላል እኮ... ማለቴ፣ ናዝሬት አይደለችም። ምናልባት በስህተት የሆነ ነገር ጣሳው ውስጥ...»

«በስህተት» አለ ቦና። «ጥሩ። አትራቅ።»

ጀዊሪያም ወሬውን ሰምታ መጣች፤ ሱቋን ለሰው ጥላ፣ ገና ከበሩ እየተቆጣች።

«እኔ ባሕር ነው የምሸጠው፣ መርዝ አልነግድም! ከመስቀል ወዲህ እዚህ ረግጬ አላውቅም፣ እንደው ስሜን ልታነሱ ነው?»

«ማንም ስምሽን አላነሳም፣ እህቴ። እዚህ የሚቀምሰው ማነው?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ጋሽ አጥናፉ ናቸዋ! እሳቸው ምራቃቸውን ትፍ ሳይሉበት መቼ ገንዘቤን አግኝቼ አውቃለሁ?»

ቶይባ ግን ማጠቢያው ዳስ ሥር ተቀምጣ ነበር፤ ለቦና ያንኑ ደገመችለት። አልነካሁም። አላውቅም። ቦና ብዙም አልጫናትም። ሲወጣ ግን አፀደ አልወጣችም። ይህች ሴት ከልጇ ጋር ባንድ ሳፋ ስታጥብ የከረመች ናት። አፀደ ማንንም ለምና አታውቅም፤ የቀበሌ ሊቀመንበር ፊት እንኳ አንገቷን ደፍታ አታውቅም። አሁን እርጥቡ መሬት ላይ ተንበረከከች።

«ቶይባ፣ እግርሽ ላይ ወደቅሁ። ልጄ ናት። ከእሷ ሌላ የለኝም። የምታውቂውን ተናገሪ።»

«ተነሺ አፀደ፣ አላህን ፍሪ፣ ተነሺ!»

«አልነሳም።»

«አሽረፍ ነገሩ ውስጥ እንዳትገቢ ብሎኛል። ባሌ ነው። ቀማሿ እኔ ነኝ ብል ቀጥሎ የሚወስዱት ማንን ነው? የኔም ልጆች አሉኝ።» ሻሿን ጠበቅ አደረገች። «ደግሞም ለሞተ ሰው የሰጠሁት ቃል አለ። ተይኝ።»

ተነስታ ሄደች። አፀደ እዚያው ቀረች፣ ጉልበቷ ጭቃ ሆኖ። ያን ጊዜ የተሰማት ነገር ለቅሶ አልነበረም፤ ከለቅሶ ያለፈ ነው። 

ንግግራቸውን ከዳሱ ውጭ የሰማው ቦና መጥቶ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ከጋሽ አጥናፉ ጋር ምሳ አብራችሁ ነበር የምትበሉት?»

«አብረን ነበር። ኋላ ተዉት። ከኛ ተለይተው፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ብቻቸውን ይበሉ ነበር። በመደቡ ስለተጣላን ፊቴን ማየት ጠልተው ነው። እኔም ግትር ነኝ፣ ኑ አላልኳቸውም። አሁን ይኸው ሳንታረቅ...»

«የተጣላችሁት መቼ ነው?»

«ባለፈው ሳምንት።»

«ከእናንተ መብላት የተዉትስ?»

አፀደ ልትመልስ ብላ ቆመች። ከጠቡ በፊት ነው። በጣም በፊት። ከመስቀል በኋላ፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል... ቆሎ ስትሰጣቸው «ከሰዓት አድርጊልኝ» ያሏት ቀን፣ ቤተ ክርስቲያን ማኅሌቱ የተጀመረ ሰሞን...

«ወይኔ!» አለች። «ጽጌን ይጾሙ ነበር!»

«ጽጌ የውዴታ ጾም ነው፣ አይደል? ሁሉም አይጾመውም።»

«የሚጾመው ጥቂት ሰው ነው። እኔም አልጾመውም። የሚጾሙትም ለሰው አይናገሩትም።» አፏን በእጇ ያዘች። «እኔ እኮ ጠልተውኝ ነበር የመሰለኝ።»

ቦና ተነሳ። «ሰዎቹን ይሰብስቡልኝ፤ መጋዘኑ ውስጥ።»

«ለምን ጨለማ ውስጥ?»

«ጨለማው ያስፈልገኛል።»

*

አፀደ፣ ቶይባ፣ ጀዊሪያና ኤርሚያስ ጀሪካኖቹ ፊት ቆሙ። ሃምሳ አለቃው በሩን ገርበብ አድርጎ ደጃፉ ላይ ቆመ። ሽታው ዓይን ያቃጥላል፤ ቦና ብቻ ነው ምንም ያልመሰለው።

«ከጣሳው ልጀምር» አለ። «ጣሳውን ሬሳው አጠገብ ያስቀመጠ ሰው፣ ጋሽ አጥናፉ ዛሬ ጠዋት ከእሱ እንደቀመሱ እንድናምን ፈልጓል። አልቀመሱም። ማክሰኞ ስለሆነ ማንም ጾም ብሎ አላሰበም። ግን ሰውየው ጽጌን ይጾሙ ነበር፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንኳን የባሕር እጣቢ ጠብታ ውኃ ባፋቸው አይዞርም። ታዲያ ጾሙ ከገባ ወዲህ እጣቢውን ማን ይቀምስ ነበር?» ወደ ቶይባ ዞረ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጾማቸውን ሰው እንዳያውቅባቸው ለምነውሽ ነበር። ቃልሽን ጠብቀሻል። አሁን ግን ጾሙን እኛው ደርሰንበታል፤ አንቺ አላወጣሽውም።»

ቶይባ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች።

«አንቺ ቅመሽልኝ አሉኝ» አለች። «ለሰው አትንገሪ፣ ጾመኛ ናቸው ተብዬ እንድመሰገን አልፈልግም አሉኝ። እኔ ነኝ ስቀምስ የከረምኩት። ናዝሬት እውነቷን ነው። አፀደ፣ አውፍ በይኝ!»

«ስለዚህ» አለ ቦና፣ «ናዝሬት ያን ጣሳ ብትመርዝ የምትገድለው ጋሽ አጥናፉን አይደለም፤ ቶይባን ነው። ናዝሬትም ቶይባም ይህን ያውቃሉ። ጣሳውን ያስቀመጠው የማያውቅ ሰው ነው። በመስከረም የነበረው ወግ እንዳለ ያለ የመሰለው፣ ጠዋት ጠዋት እዚህ የማይገኝ ሰው።»

ጀዊሪያ እጇን ወገቧ ላይ ጫነች። «እኔን ማለትህ ነው?»

«አንቺም አላወቅሽም። ሁለት ናችሁ።»

ኤርሚያስ ግንባሩን ጠረገ። «እና በምን ሞቱ? ካልቀመሱ?»

«በጀርባቸው» አለ ቦና። «አፍንጫዬ ቢሠራ ኖሮ እንደ እናንተ ባሕሩን አሽትቼ እተወው ነበር። ስለማይሠራ የሞተ ነገር ፈለግሁ። አንድ መስመር ጎመን ላይ ያለው ነፍሳት ሁሉ ሞቷል፣ ሁለተኛው ላይ እስከ ግማሽ። ጋሽ አጥናፉ የወደቁት እዚያ ግማሹ ላይ ነው። ሰውየው እየረጩ ነበር። በማለዳ መጡ፣ ክሽክሹ ጎመኑን ሲበላ አዩ፣ ተክሉን ልመግብ ብለው ከዚህ መደርደሪያ አንድ ጀሪካን አንስተው መርጫው ውስጥ ገለበጡ። ጥቁር ነው፣ ይገማል፤ ባሕሩ ነው ብለው። ግን ምግብ ንብ አይገድልም። ባሕሩ ውስጥ አንድ ሰው ፀረ ተባይ ደባልቆ ደብቆበት ነበር፤ ቀለሙንም ሽታውንም ባሕሩ ይሸፍንለታል። መርጫው ያፈሳል። መርዙ ኮታቸውን አልፎ ቆዳቸው ውስጥ ገባ።»

አፀደ መደርደሪያው ላይ ያለውን ባዶ ቦታ አየች። ቅዳሜ ቅዳሜ ክሽክሹ ሲቀንስ ታያት። እጁ ይቀናዋል ያለችው ታያት። ሐሳቡን ከራሷ ልታባርር ሞከረች፤ እምቢ አላት።

«ሲወድቁ መርጫው ጀርባቸው ላይ ነበር» ቦና ቀጠለ። «እኛ ስንደርስ ግን እዚህ ታጥቦ ተሰቅሏል፣ ጀሪካኑም የለም። እትዬ፣ እናንተ መርጫውን እንዴት ነው የምትሰቅሉት?»

«ቀጥ አድርገን፣ ትንሽ ውኃ ትተንበት። አለዚያ ጎማው ይደርቃል።»

«ገልብጡት የሚላችሁስ ማነው?»

አፀደ ዓይኗን ከተሰቀለው መርጫ ላይ አነሳች። ቶይባ መለሰች።

«ኤርሚያስ ነው። ሁልጊዜ ይቆጣን ነበር።»

«መርጫ ገልብጦ ያደረቀ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው?» አለ ኤርሚያስ። ሊስቅ ሞክሮ ነበር፤ ምራቁ ቀደመው፣ በእጁ ጀርባ ጠረገው።

«አይደለም። ለዚህ ነው ጨለማ የፈለግሁት።» ቦና የእጅ ባትሪውን ሳያበራ ወደ እሱ ተጠጋ። «እዚህ ቤት ውስጥ የሁላችንም የዓይን ብሌን ብርሃን ፍለጋ ሰፍቷል። እርስ በርሳችሁ ተያዩ። የሱ ግን የመርፌ ጫፍ አክሏል። የሬሳውም፣ ሲያነሱት እንዳየሁት፣ እንደዚያው ነው። ይሄ መርዝ ብሌን ያጠባል፣ ላብ ያስወጣል፣ ዓይንና አፍንጫ ያፈሳል። በዚህ ብርድ የሚያልብህ ለምንድን ነው፣ ኤርሚያስ? መርጫውን በባዶ እጅህ አጠብከው። ከጠዋት ጀምሮ የሚወርደው እንባ ለቅሶ አይደለም።»

አፀደ የነጠላዋን ጫፍ አየች። በእሱ ነበር የጠረገችለት። ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ ጣለችው።

ኤርሚያስ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

«ልገድላቸው አልነበረም» አለ። «እምላለሁ። ባሕሩ ተባዩን ያስቆማል ብዬ ለሆቴሎቹ ቃል ገብቻለሁ። አላቆመም። ጎመኑ ካለቀ ሁሉም ነገር ያልቃል፣ ማኅበሩም እኔም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥቂት ጥቂት... ነገ ገዢዎቹ መጋዘኑን ሊያዩ ይመጣሉ፤ ጀሪካኑን ላወጣ ነው በማለዳ የመጣሁት።»

«ስትደርስ ይተነፍሱ ነበር?»

ኤርሚያስ ፊቱን ወደ ጀሪካኖቹ አዞረ።

«ኤርሚያስ። ይተነፍሱ ነበር?»

«... ይተነፍሱ ነበር። ግን አይተርፉም ነበር!»

«እሱን የሚያውቀው ሐኪም ነበር። ኪስህ ውስጥ ስልክ ነበረህ።»

«ደንግጬ ነው። ሐኪም ቤት ቢሄዱ ከየት መጣ ይባላል። ጣሳው ቧንቧው ሥር ነበር፣ ጀሪካኑ ውስጥ የቀረችውን ጨመርኩበት። የማን ጣሳ እንደሆነ አላሰብኩም፣ እትዬ፣ በናትሽ እመኚኝ፣ የሷ መሆኑን አላሰብኩም!»

አፀደ ልጇ ከተወሰደች ወዲህ አልጮኸችም ነበር፤ አሁንም አልጮኸችም።

«ሲወስዷትስ?» አለችው። «ስልክ ደውዬ ወሰዷት ብዬ ስነግርህስ? ያን ጊዜ የማን እንደሆነ አላወቅህም?»

ከደጅ የአምቡላንስ ድምፅ ተሰማ።

«ሰዎቹን ሰብስቡ ከማለቴ በፊት ነው የጠራሁት» አለ ቦና ለኤርሚያስ፣ ከክንዱ እያነሳው። «መጀመሪያ ሆስፒታል ትገባለህ፣ ከዚያ ወደኛ ትመጣለህ። አንተ ለሳቸው ያልጠራኸውን መኪና እኔ ላንተ ጠርቼልሃለሁ።»

*

ናዝሬት የተለቀቀችው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አፀደ ጣቢያው በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት፤ ቦና በመኪናው ላድርሳችሁ ብሎ ነበር፣ እምቢ አለችው። ልጅቷ ስትወጣ ፊቷ ገርጥቷል፣ ፀጉሯ ተበታትኗል። ተቃቀፉ። አፀደ ጀርባዋን፣ ክንዷን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳበሰች፤ የጎደለ ነገር እንዳለ የምታይ ይመስል።

«በቃ እማ፣ ደህና ነኝ። አልነኩኝም።»

«ርቦሻል?»

«አልራበኝም።» ናዝሬት መንገዱን ወደ ላይም ወደ ታችም አየች። ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ኤርሚያስ ነው አይደል ያስወጣኝ? ጠበቃ ፍለጋ ሲሮጥ ነበር ብለውኛል። የት አለ? አልመጣም?»

አፀደ ቀኑን ሙሉ ይህቺ ልጅ ትውጣልኝ እንጂ ሌላ አልለምንም ስትል ነው የዋለችው። ወጣች። ከወጣች በኋላ የሚመጣውን አላሰበችውም ነበር። ቤት ስንደርስ ልትላት አሰበች። ከበላሽ በኋላ። ነገ። የልጇን ዓይን ስታይ ግን ይህን የሚነግራት ሌላ አፍ፣ የጎረቤት አፍ፣ መንገድ ላይ ቀድሟት ሊደርስ እንደሚችል ታያት።

«እዚህ ድንጋይ ላይ ቁጭ በይ» አለቻት።

ናዝሬት ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ።

«አልቀመጥም» አለች። «ቆሜ ልስማው።»

አፀደም የልጇን ክንድ አጥብቃ ይዛ፣ ምንም ሳታለሳልስ፣ ከጎመኑ መስመር ጀምራ ነገረቻት።